ብርድ ልብሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሳይሞላኝ ነስሩ ደወለልኝ። ነስሩ የአለቃዬ ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ራሱ አለቃዬ ነበር። ሌላ መነጽር ቤት ሊከፍት መሆኑን ነገረኝና፣ «እትዬ ፀሐይ፣ ደንበኛ ለሚያመጣ ደንበኛ ምን ብንሰጥ ይሻላል? ማለቴ፣ አንቺ ሁሉንም ሞክረሽዋል» አለኝ።

«አስቤ እነግርሃለሁ» አልኩት። ማሰቡ አላስቸገረኝም፤ መናገሩ ነው ያስቸገረኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ። ነስሩ ረጅም ነገር ማንበብ አይወድም፤ ይህችን ግን ያንብባት።

ካዛንቺስ መነጽር ቤቱ የተቀጠርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ ካርድ ጸሐፊ ሆኜ። በአንድ ወገን ልብስ ሰፊ፣ በሌላው ወገን የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ የያዙን ጠባብ ክፍል ነበር። ዓይን የሚለካው ከመጋረጃ ኋላ፣ ሌንስ የሚሞረደው ከመጋረጃ ኋላ፣ ምሳ የሚበላውም እዚያው ነው። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለታክሲ በቅቶ ትንሽ ይተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ባለቤቱ ጋሽ ከድር ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መጥተው መጀመሪያ ሰዓት ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሰዓት የተማሩትን ትዕግሥት ወደ መነጽር ይዘውት መጡ። የሰው ፊት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ክረምት ከሆነ ቅዝቃዜው ደንበኛውን እንዳያስደነግጥ መዳፋቸውን ያፋትጋሉ። ፍሬም ሲያስተካክሉ ከፊት ለፊት አይቆሙም። ከጎን ቆመው ከጆሮ ጀርባ ያለውን መታጠፊያ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። «ፊት ለፊት ስትቆሚበት ሰው አንቺን አፍሮ ደህና ነው ይላል» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሰው የሚመጣላቸው በሰው ነው። አዲስ ደንበኛ ገብቶ «እከሌ ልኮኝ ነው» ካለ፣ ጋሽ ከድር ሻይ እየጠጡም ቢሆን ብድግ ይላሉ። የሚነሡት ለመጣው ሳይሆን ለላከው ነው። የላኪውን ስም በካርዱ ጀርባ ያስጽፉኛል። የዚያን ደንበኛ ሌንስ ደግሞ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ይለኩታል፤ አንዴ ከመሞረዱ በፊት፣ አንዴ ፍሬም ውስጥ ከገባ በኋላ። ሌላው ሁሉ አንዴ ሲለካ የእሱ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«በራሱ የመጣ ሰው ብናጠፋበት እኛን ይሰድበናል» አሉኝ። «ተልኮ የመጣ ግን የላከውን ነው የሚሰድበው። የላከውን አታሳፍሪ።»

ላኪው ራሱ ከሳምንታት በኋላ ብሎን ሊያስጠብቅ ብቅ ሲል «እንግዳዎ ደርሰው ነበር» ይሉታል። በቃ። እንግዳው ምን እንደገዛ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደደከመ አንዲት ቃል ከአፋቸው አትወጣም። ለብሎኑም አይቀበሉትም። ያ ነበር ሽልማቱ። እኔ ግን የሽማግሌ ጨዋነት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከላኪዎቹ ሁሉ ወይዘሮ አስካለን የሚያህል አልነበረም። የቂርቆስ ሰው ናቸው፤ ከአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የተገለሉ። ሠፈሩ የቸገረውን ሁሉ እሳቸውን ይጠይቃል። ላንቻ ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ማነው፣ ለሕፃን ሳል የትኛው ሐኪም ይሻላል፣ ለሰርግ ድንኳን የሚያከራይ ጨዋ ሰው የት አለ፣ ሁሉን ያውቃሉ። ሲናገሩም ስም ጠርተው ብቻ አይተዉም። «አስካለ ልካኝ ነው በለው፤ ከምሳ በፊት ሂድ፤ ደረጃው ጨለማ ነው፣ ተጠንቅቀህ ውጣ» ይላሉ። ያን ጊዜ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ጋሽ ከድር መነጽር ከሠሩላቸው ጀምሮ ቂርቆስ ውስጥ ዓይኑ የደከመ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ጋሽ ከድርን ስኳር እግራቸውን ያዛቸውና ቤት ዋሉ። ነስሩ ከኮሌጅ ወጥቶ ሱቁን ተረከበ። በዚያው ሰሞን ወደ ሜክሲኮ መውረጃው ላይ መስታወታቸው ከዳር እስከ ዳር የሚያበራ መነጽር ቤቶች ተከፈቱ፤ የእኛ ደጅ ጭር አለ። ነስሩ ደንበኛ ለሚያመጣ ሽልማት እንስጥ አለ። ምን እንደሚሰጥ መምረጡን ለእኔ ተወው። «አንቺ ሰዉን ታውቂዋለሽ» አለኝ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ የመረጥኩት ቅናሽ ነው። ሰው ያመጣ ደንበኛ ቀጣዩን መነጽር በቅናሽ እንዲገዛ የሚያደርግ ወረቀት አሳተምን። መነጽር እንደ ዳቦ በየቀኑ የሚገዛ ነገር ስላልሆነ ወረቀቱ በየኪሱ አረጀ። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ብቻ ይዘውት መጡ። «ለአማቴ ልስጣት እችላለሁ?» አሉኝ። «አይቻልም፣ በእርስዎ ስም ነው የተጻፈው» ብዬ መለስኳቸው። ወረቀቷን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው መለሷት። መልሱን እጄ ላይ አምጥተው ሰጥተውኝ ነበር፤ አላየሁትም።

ቀጥሎ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አደረግን። ሰዉ መጥቶ ቀን መቁጠሪያውን ወሰደ፤ የመጣልን ደንበኛ ግን የለም።

ከዚያ ብር ሆነ። ብሩ በሁለተኛው ሳምንት የሜክሲኮን ደላሎች አመጣብን። አንዱ አንድ ጎልማሳ እጁን ይዞ እየጎተተ ገባ።

«እትዬ፣ በቃ የዚህ ሰውዬ ዓይን ሞቷል፤ ቶሎ ለኪው» አለኝ።

ሰውየውን አስቀምጬ ሰሌዳውን ባስነብባቸው እስከ መጨረሻዋ ጥቃቅን መስመር ድረስ ወረዱ። «ዓይንዎ እኮ ደህና ነው፤ ምን ሆኑ ብለው መጡ?» ብላቸው፣ «ኧረ እኔ የሚከራይ ቤት ያሳየኛል ብዬ ነው የተከተልኩት» አሉ። ነስሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ።

ጨዋው ደንበኛ ደግሞ ብሩን ሲያይ ይኮሳተራል። አንዲት ነርስ ጎረቤታቸውን ልከውልን ኖሮ ፖስታውን ስዘረጋላቸው፣ «እኔ ደላላ አይደለሁም፣ እህቴ» ብለው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። እኔም ነገሩን ዞር ዞር አድርጌ አሰብኩና፣ ሰውን የሚያሳፍረው ብሩ ነው እንጂ ዕቃ ማንንም አያሳፍርም ብዬ ደመደምኩ። ግማሹ ልክ ነበር። ጉድ የሠራኝም ያ ግማሽ ነው።

ለነስሩ የውድድር ሐሳብ አቀረብኩለት። እስከ ዘመን መለወጫ ድረስ በካርዶቹ ጀርባ ስሙ በብዛት የተጻፈ ሰው ብርድ ልብስ ይሸለም አልኩ። ብርድ ልብሱን ለመምረጥ ራሴ ገበያ ወጣሁ። ክረምቱ ከብዶ ነበርና ወፍራሙን፣ ጽጌረዳ ያለበትን፣ በላስቲክ ቦርሳ የታሸገውን ወሰድኩ። ሻጩ ሊያሳየኝ የዘረጋውን በጉንጬ ሳይቀር ሞክሬዋለሁ። እንዲህ ተጨንቄ የገዛሁት ዕቃ ለራሴም የለኝም።

ያሸነፉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ መወዳደራቸውን ግን አያውቁም። ብሎን ሊያስጠብቁ እንደመጡ ብርድ ልብሱን ይዘን ከበብናቸው። «ምን አድርጌ?» አሉ። ነስሩ ካሜራውን ደገነ። ፊታቸው ግራ የተጋባ ስለነበር፣ «ሳቅ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ አስካለ» አልኳቸው። እሺ ብለው ሳቁ። ፎቶውን አሳድገን፣ ከሥሩ «የዓመቱ ምርጥ ደንበኛ አምጪ» ብለን፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀልነው።

በዚያው የውድድር ሰሞን ሥራ በዝቶ ነበር። ልኬት የተማርኩት ከጋሽ ከድር ነውና እሳቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ ሁለተኛውን ልኬት የማደርገው እኔ ነበርኩ። ወረፋው ሲረዝም ተውኩት። ነስሩ ተይው አላለኝም፤ ማንም አላዘዘኝም።

ወይዘሮ ዘነበች የመጡት ያኔ ነው። ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ከወይዘሮ አስካለ ጋር አንድ ግቢ አድገው፣ አንድ የወር ማኅበር የሚጠጡ ጓደኛሞች ናቸው። «አስካለ ልካኝ ነው» አሉ፤ በካርዳቸው ጀርባ ጻፍኩት። የእሳቸው ዓይን ኃይል ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለው ሌንስ የሚፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሌንስ ፍሬም ውስጥ ጥቂት ዞሮ ከገባ ቀጥ ያለው ነገር ያጋድላል። ጋሽ ከድር እንዳይዞር በሦስት የቀለም ነጥብ ምልክት ያደርጉበትና ከገባ በኋላ ነጥቦቹ በመስመር መዋላቸውን ያያሉ። እኔ ሳላይ ጠርጌ ሰጠኋቸው።

ወይዘሮ ዘነበች የሙሽራ ቀሚስ ይዘው ነበር። አዲሱን መነጽር አድርገው ሲያዩት ጥልፉ የተንጋደደ መሰላቸው። ፈቱት። በመነጽሩ ቀጥ ብሎ እስኪታያቸው ድረስ እንደገና ጠለፉት። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲያዩት ከአንገት እስከ እግር ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። ሥራው ተወሰደባቸው፤ በዚያ ሠፈር በጠላፊነት የነበራቸው ስምም አብሮ ሄደ።

መነጽሩን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሊቆጡ ነበር የመጡት። ከበሩ ገባ ብለው ግን ፎቶውን አዩት፤ ጓደኛቸው ብርድ ልብስ ታቅፋ ትስቃለች። ቆመው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ መነጽሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ለካ የላከችኝ ለዚህ ኖሯል» አሉ። ስማቸውን እየጠራሁ እስከ ደጅ ተከተልኳቸው፤ ዘወር ብለውም አላዩኝ።

በቀጣዩ ማኅበር ቀን ወይዘሮ ዘነበች በሰው ፊት፣ «አስካለ ዓይኔን በብርድ ልብስ ለወጠችው» አሉ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ብርድ ልብሱን ከነላስቲኩ ይዘው መጥተው። አልቀደዱትም ነበር።

«እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ቤታችሁን የምናገረው ጋሽ ከድር ደህና አድርገው ስለሠሩልኝ ነው» አሉኝ። «ብርድ ልብስ አለኝ።»

ቀጠሉ፦ «የሚመጣው ወር ማኅበሩ የእኔ ነው። ዘነበች ከአስካለ ቤት እህል አልቀምስም ብላለች። ሌሎቹም እሷን አይተው ይቀራሉ። ሃያ ምናምን ዓመት ስንጠጣ ጽዋ ደርሶኝ ሰው የቀረብኝ ቀን የለም። ደግሼ ብቻዬን ልቀመጥ ነው፣ ፀሐይ?»

ያን ቀን ማታውኑ ጋሽ ከድር ቤት ሄጄ የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ሁለተኛውን ልኬት መተዌንም ጭምር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «መነጽሩን አምጪና ነገ እንሄዳለን» አሉ ብቻ።

በማግስቱ በከዘራ ቂርቆስ ወረድን። ታክሲው የማይገባበት መንገድ ስለነበር ሁለት ቦታ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ አረፉ። ወይዘሮ ዘነበች የጋሽ ከድርን እግር ሲያዩ እምቢ ማለት አቃታቸውና አስገቡን። ጋሽ ከድር መነጽሩን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በአንዱ ሌንስ የበሩን መቃን አዩ።

«ይዩት» ብለው ሰጧቸው። «መቃኑ ሌንሱ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። የእርስዎ እጅ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የቤቴ ነው።»

ወይዘሮ ዘነበች አዩት፤ መነጽሩን አወረዱና በባዶ ዓይናቸው መቃኑን አዩ፤ መልሰው በሌንሱ አዩት። እንባቸው መጣ። ሙያዬ ሄደ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቁ ከርመው ኖሮ ነው።

«ይሄስ ይሁን» አሉ ቆይተው። «መነጽር ይታረማል። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ታቅፋ ስትስቅ አይቻለሁ።»

«ይሳቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «ብርድ ልብሱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እርስዎን ሲልኩ ሽልማት መኖሩን አያውቁም ነበር። ትናንት እንደታሸገ መልሰውልኛል።»

ወይዘሮ ዘነበች መነጽሩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ መልካም ያደረግሽ መስሎሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። መነጽሩን መልሰው ለጋሽ ከድር ሰጡ።

መነጽሩን በነጋታው ጋሽ ከድር ራሳቸው ሠሩት፤ ሱቅ ተሸክሞ ያመጣቸው ነስሩ ነው። ፎቶውን አወረድኩ። የወይዘሮ አስካለ ተራ ሲደርስ ወይዘሮ ዘነበች ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ጽዋውን አብረው አቀረቡ፤ ሌሎቹም መጡ። የንስሐ አባታቸው ይቅር አባባሏቸው። ይህን ስሰማ ከትከሻዬ ላይ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለለኝ። ነገሩ አለቀ ብዬም አሰብኩ።

እንግዲህ ነስሩ፣ መልሱን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን አንተም አብረህ አድርገኸዋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት የግብዣ ካርድ ሰጠን። ካርዱን ለወደደው ይሰጠዋል፤ የተሰጠው ሰው ምርመራው ነጻ ይሆንለታል፣ የመነጽር መያዣ ይመረቅለታል፣ ልኬቱም ሁለቴ ይሆናል። ላኪው ምንም አያገኝም፤ የሰው ባለውለታ ሆኖ ይቀራል። አንቆጥርም፣ አንለጥፍም። ያ ጡረተኛ ሾፌር አማታቸውን ይዘው መጡ፤ አማትየው ደግሞ ግቢውን በሙሉ ላኩ። የእኛ ሰው ለወዳጁ መስጠት ይወዳል፤ በወዳጁ ሲያተርፍ መታየት ግን ሞቱ ነው። ይህን ለማወቅ ሰፊ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ያቺን ነርስ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር።

ጋሽ ከድር እስኪያርፉ ድረስ፣ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር፣ «ከወይዘሮ አስካለ የመጣ አለ?» ይሉኛል። «የለም» እላለሁ። እኔ የእኛን ቤት ብቻ የተቀየሙ መስሎኝ ነበር፤ ቢቀየሙም እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ሠፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። የዛሬ ወር ግድም አንዲት የታመመች ዘመዴን ልጠይቅ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ጉልበቴ አላስኬድ አለኝና ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከበላዬ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው በፍጥነት ይወርዳሉ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሳሙኝ፤ ስለ ሁሉም ጠየቁኝ። ቂም የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«ጉልበትሽ ነው?» አሉኝ። «እኔም እኮ አምና እንዲሁ ሆኜ መራመድ አቅቶኝ ነበር። ይኸው ድኛለሁ።»

«ታዲያ ማን አየልዎት?» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ስሙ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ አይቻለሁ። የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት መሄድ እንዳለብኝ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ሊነግሩኝ እጃቸውን እንኳ አንሥተው ነበር። ከዚያ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ተመለሰ።

«ሐኪም ነው» አሉኝ። «አላውቀውም፣ ልጄ። ሰው ይዞኝ ሄዶ ነው።»

በኋላ ዘመዴን ጠየቅኋት። «እሳቸው ለማንም ምንም አይናገሩም» አለችኝ። «ሠራተኛ የት ላግኝ ቢሏቸው አላውቅም፣ ሐኪም ቢሏቸው አላውቅም። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ብቻ ሰው አያውቁም።»

ያን ቀን ግን ጥለውኝ አልሄዱም። መውረዳቸውን ትተው ክንዴን ያዙኝና በየደረጃው እያሳረፉኝ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጡኝ። የሐኪሙን ስም ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው አስቤ ሁለት ጊዜ ተውኩት፤ መጠየቁ አሳፈረኝ። ጉልበቴን እስከ ዛሬ አላሳየሁትም።